የጎሹና የስንሻው እርቅ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ግድግዳውን ሊያስለስን ጭድ አስወረደ። ሠራተኞቹ ጭቃው ላይ በትነው፣ ውሃ አርከፍክፈው በእግራቸው ይረግጡት ጀመር። እኔ ሱቅ ልሄድ መውጣቴ ነበር፤ ሽታው ሲመጣብኝ እግሬ አልራመድ አለ። ርጥብ ጭድ! አፍንጫዬን ቀስሬ ስቆም አንዱ ሠራተኛ "እማማ፣ ምን ጠፋብዎ?" አለኝ። "ግራዝማች" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሴትዮዋ ለቀቀች ይለኛል ብዬ ተውኩት። ሱቁንም ረሳሁት። ቤቴ ተመልሼ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ግራዝማች አዳሙ የእናቴ አባት ናቸው። እናቴ ያለችው ስማዳ ነበር፤ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ስላልነበረ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ፊደል ትቁጠር ብላ አርብ ገበያ፣ እሳቸው ዘንድ ላከችኝ። አያቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫቸው የሚቀድማቸው ሰው ነበሩ። በታች ጋይንት ወሰን ተገፋ፣ ሚስት ኮበለለች፣ ሰው ተፈነከተ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጭራቸውን አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረግ ካደረጉ የማይታረቅ ሰው የለም ይባል ነበር።

ይህን ዝና ግን ዝም ብለው አላገኙትም። ጧት ጧት ጋጣ እየገቡ ንግግራቸውን ለበቅሏቸው ይለማመዱ ነበር። እኔ በቀዳዳ አያለሁ። በቅሎዋ ጆሮዋን ካቆመች ንግግሩ ያዘ ማለት ነው። ከሸናች "አይ፣ ይቺ አልሆነችም" ብለው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። እኔ በልጅነት ልቤ ሽማግሌ ሁሉ ዳኝነት የሚማረው ከበቅሎ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓመት ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው አርብ፣ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ገበያችን መጡ። አንዱ በጨው ተራ በኩል ገባ፤ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተሰፋ፣ ደረቱ እንደ ጎተራ የሰፋ ሰው ነው። አንድ ጭነት ጭድ ከገበሬ ለምኖ ሜዳው መካከል በተነና ሸማውን ጥሎ መፎከር ጀመረ።

"እኔ ጎሹ ነኝ የዱር ኮርማ፣
የያዝኩትን አልለቅ ሳላስተኛ አውድማ!"

ከዚያ አይኑን አጉረጥርጦ "ስንሻው የሚባል የአጎቴን ደም ያፈሰሰ ሰው እዚህ ገበያ ገብቷል አሉ! ይውጣ!" ሲል ገበያው ጸጥ አለ። ወጣ፤ በአህያ ተራ በኩል። ሲያዩት የሚያሳዝን፣ ሸንበቆ የሚያህል ሰው ነው። "ደም አላፈሰስኩም፤ ግን አልፈራህም" አለ። ተያያዙ።

አቤት የዚያን ለት ያየሁት! ጎሹ ስንሻውን አንስቶ ሲያነጥፈው ጭዱ እስከ ፊታችን ይበናል። ጆሮውን ይዞ ይጠመዝዘዋል፤ ለእኛ ዞሮ ይስቃል፤ ሽማግሌዎችን "ምን ታፈጣላችሁ!" ይላል። ጭራሽ ወገቡ ላይ በጉልበቱ ሲወርድበት ቀጭ የሚል ድምፅ በሁለት ጆሮዬ ሰማሁ። ወገቡ ተሰበረ! ከዚያ በኋላ የሠራሁትን አላውቀውም። አጠገቤ ኩበት የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ ከቅርጫቷ አንድ ደህና ኩበት አንስቼ ወረወርኩ። የጎሹን ጆሮ ግንድ አገኘው። "ማነው!" ብሎ ሲዞር፣ ወገቡ የተሰበረው ስንሻው ተስፈንጥሮ ተነሣና በጠለፋ ጣለው። ገበያው ተናወጠ። ሴቶች እልል አሉ፣ ወንዶች በዱላቸው መሬት ደበደቡ፣ ሰው ከየከረጢቱ ገብስና ሽምብራ እየዘገነ ስንሻው አቁማዳ ውስጥ ከተተለት። ጎሹ ጭዱን እያራገፈ "ሳምንት! ደሜን ሳልመልስ ከዚህ አገር ንቅንቅ አልልም!" ብሎ ሄደ። እኔ ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ተንቀባረርኩ።

በቀጣዩ ማክሰኞ በቅሎዋን ውሃ ላጠጣ ወደ ወንዙ ወረድኩ። የእኔ ሥራ እሱ ነበር። ከቁልቋሉ ጀርባ "ኡኡ! ገደለኝ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሮጥኩ። ጎሹ ስንሻውን በትከሻው ላይ አንግቦታል። ድንጋይ አነሣሁ።

"ጩኸትህ አጭር ናት" አለ ጎሹ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና። "ከኋላ የቆመው ሰው አይሰማህም።"

"አርብ ለት ስለ ጮህኩ ጉሮሮዬ ተልጦ ነው እንጂ" አለ ስንሻው።

ከዚያ ቁጭ አሉ። ጎሹ የገብስ ቂጣ ቆርሶ፣ ተልባ አጥቅሶ፣ "በሞቴ!" ብሎ ስንሻውን አጎረሰው። ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ። በእኛ አገር ደም የተቃባ ሰው እንኳን ሊጎራረስ ከአንድ ምንጭ አይቀዳም፤ አንዱ የሄደበትን ቤተ ክርስቲያን ሌላው በሌላ በር ነው የሚገባው። እኔ የወገቡን መሰበር ስሰማ እንኳ የዚያን ያህል አልደነገጥኩም።

"አታላዮች!" አልኩ ከቁልቋሉ ወጥቼ።

ጎሹ አየኝና "ወይ ጉድ! ኩበት ወርዋሪዋ!" ብሎ ጆሮ ግንዱን ያዘ። ስንሻው በሳቅ ወደ ኋላው ተገለበጠ።

ወዲያው ግን ሳቃቸው ቀረ። ስንሻው ተንበርክኮ በቁመቴ ልክ ሆነና "የኔ እመቤት፣ ካወራሽ አለቅን" አለኝ። "እኔ እናቴንና ሦስት ልጆቼን የማበላው በዚህ ነው። ጎሹም የሚያርስበት አንድ ጥማድ መሬት የለውም። ሰው ጨዋታ መሆኑን ካወቀ ማን ያየናል?" ጊዮርጊስን ብዬ ለማንም እንደማልናገር ማልኩ። ግን በነጻ አልማልኩም፤ ወገብ እንዴት ቀጭ እንደሚል ይነገረኝ አልኩ። ጎሹ ከመቀነቱ ሥር ደረቅ የባቄላ አገዳ አወጣና ጆሮዬ ላይ ሰበረልኝ።

ከዚያ ወዲያ በቅሎዋ በቀን ሁለቴ ውሃ ትጠማ ጀመር። እየወረድኩ ጎሹ ሲያወራ እሰማለሁ። ጎሹ ወጣት ሳለ አሥመራ የጣሊያን ሰርከስ ውስጥ ለታጋዮች መውደቂያ ሰጋቱራ ይጎዘጉዝ ነበር። "ድሮ ድሮ" አለኝ፣ "በፈረንጅ አገር ትግሉ የምር ነበር አሉ። ሁለቱ ይያያዙና እንደ ጥማድ በሬ ተደጋግፈው ከጧት እስከ ማታ ይቆማሉ። ተመልካቹ ያንቀላፋል፤ ሚስቱ እራት ቀረ ብላ መጥታ ትወስደዋለች። ኋላ አንዱ ብልህ ተነሣና፣ 'ስማ ወንድሜ፣ አንተ ክፉ ሁን፣ እኔ ደግ ልሁን፣ ቶሎ እንውደቅና ሁላችንም እራታችንን እንብላ' አለው። ከዚያ ወዲያ ማን ያንቀላፋል?"

ያያቸውን ሁሉ እየተነሣ ያሳየኝ ነበር። አንዱ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ የሚታገል ነው፤ ሾርባውን እንኳ በጭምብሉ ቀዳዳ ነበር የሚጠጣው፤ ሚስቱ ፊቱን ታውቀዋለች ወይ ብዬ ብዙ ተጨነቅሁ። አንዱ ቱርክ ነኝ ብሎ ጥርሱን እያፋጨ ሕፃናት የሚያስለቅስ፣ ኋላ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ለእናቱ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነው። አንዲት ሴትም ነበረች።

"ሴት ትታገላለች?" አልኩት።

"ሁለት ወንድ በሁለት ብብቷ ይዛ ትዞር ነበር! እንዳንቺ ኩበት ወርዋሪ ሳትሆን አትቀርም።"

የዚያን ሌሊት ተኝቼም አልተኛሁ። ስንሻው ደግሞ መውደቅ አስተማረኝ። "መጣል ጉልበት ያለው ሁሉ ይጥላል፤ ሙያው መውደቁ ነው" ይለኝ ነበር። "አገጭሽን ወደ ደረትሽ። እግርሽን ቀድመሽ አንሺ። መዳፍሽን ጭዱ ላይ በጥፊ ምቺ፤ የሚጮኸው እሱ ነው እንጂ ጀርባሽ አይደለም።" አክስቴ የሻሽ ቀሚሴ ላይ ጭድ ባየች ቁጥር "ይቺ ልጅ ከበቅሎዋ ጋር ትንከባለላለች እንዴ!" ትል ነበር።

ሦስተኛው አርብ ሲያልፍ ግን ነገር መጣ። አያቴ እራት ላይ ጭራቸውን አስቀመጡና "ደም የተቃቡ ሰዎች በእኔ ገበያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲተናነቁ ቆሜ ላይ?" አሉ። "ከነገ ወዲያ፣ እሑድ ይታረቃሉ። ለሁለቱም ሰው ልኬባቸዋለሁ። አባ ክንፉ መስቀል ይዘው ይመጣሉ፤ ዳግመኛ እጅ ለእጅ እንዳይያያዙ ይገዝቷቸዋል።" አክስቴ "ተመስገን! ያ ምስኪን ወገቡ ሊያልቅ ነበር" አለች። ጠላው ተጠንስሷል፤ በጉ ተገዝቷል፤ ደብሩ ሁሉ ተጠርቷል። የጎረስኩትን ሳልጨርስ ከመሶቡ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጧት ወንዙ ዳር ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ጎሹ ያ ሁሉ ደረቱ ሟሙቶ ነበር። "ብንጠፋ ደም አለበት ብለው ያሳድዱናል" አለ። "እውነቱን ብንናገር አታለላችሁን ብለው በዱላ ነው። ብንገዘት ደግሞ የቄስ ግዝት ጥሼ በምን አንጀቴ እታገላለሁ? እርሻ የለኝ፣ ሌላ ሙያ የለኝ።" ስንሻው ጠጠር ወደ ውሃው ይወረውራል። እኔ አለቀስኩ። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ፤ ኩበቱን ባልወረውር ኖሮ ትግሉ ይህን ያህል ዝነኛ አይሆንም ነበር ብዬ።

ከመሄዴ በፊት አሰብኩ። ጊዮርጊስን ያልኩት ላልናገር ነው። ላላሳይ አልማልኩም። በቅሎዋን ወንዙ ዳር አስሬ ትቼ ባዶ እጄን ገባሁ።

"አባባ፣ በቅሎዋ ጠፋች!"

"ምን አልሽ?" ጋቢያቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወጡ። በቁልቋሉ በኩል መራኋቸው። በቅርንጫፉ መካከል አሳየኋቸው። ጎሹ ለስንሻው ቂጣ እያጎረሰ "ብላ፣ ነገ ማን ያውቃል" ይለዋል። ስንሻው "እንካ አንተም" ብሎ መልሶ ያጎርሰዋል። አያቴ ጭራቸው አየር ላይ ቀረች። ፊታቸው ቀላ፤ ቀጥሎ ጠቆረ።

"ሦስት አርብ!" አሉ በጥርሳቸው። "ሦስት አርብ ሙሉ! እኔን! ግራዝማች አዳሙን!"

አለቀላቸው ብዬ አይኔን ጨፈንኩ። በዚህ መካከል ጎሹ "በል ለመጨረሻ ጊዜ አንድ እንሞክር" ብሎ ስንሻውን ከራሱ በላይ አነሣው። ስንሻው አየር ላይ ተንፈራገጠ፣ እሪ አለ፣ ወርዶ ጧ አለና ምላሱን አውጥቶ ሞተ። ቀጥሎ አንድ አይኑን ገልጦ "አሳመርኳት?" አለ።

ከአጠገቤ እንደ በቅሎ የሚያናፋ ድምፅ ሰማሁ። አያቴ በአፍንጫቸው እየሳቁ ነው። ሊይዙት ሞከሩ፤ አልያዝ አላቸው። እንባቸውን በጭራቸው እየጠረጉ ከቁልቋሉ ወጡ።

ሁለቱም መሬት ላይ ተደፉ። "ይማሩን ግራዝማች! እርስዎን ለማታለል አይደለም፤ ለእንጀራ ነው!" አለ ጎሹ።

አያቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።  ሲናገሩ ግን ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ "ለመሆኑ፣ የሚወድቀውን የሚወስነው ማነው?" አሉ።

ስንሻው ነገራቸው። ይጠይቃሉ፣ ይመልሱላቸዋል። ወገቡ ቀጭ ያለው በምንድን ነው? አገዳው ታየ። ጭዱ ለምን? መዳፉ ታየ። እግር ለምን ይነሣል? ታየ። ጎሹ የአሥመራውን ሰርከስም አጫወታቸው። በመጨረሻ "እዚያ አሥመራ ካየሃቸው ሁሉ ሰው አብልጦ ያበደለት የቱ ነው?" አሉት ጎሹን።

ጎሹ ራሱን አከከ። "ግራዝማች፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከተመልካች መካከል ሊገላግሉ ይነሡና ወለሉ ላይ ይዘረራሉ። የሽማግሌ መውደቅ ሲታይማ የሰው ልብ ቀጥ ይላል!"

አያቴ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አሉ። "በሐሰት አላስምልም፤ እርቁንም አላስቀርም፤ ጠላው ደርሷል" አሉ። "የምጠይቃችሁን ብቻ በእውነት መልሱ።" የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ንግግር ሊለማመዱ አውድማ ወረዱ፤ በቅሎዋንም ይዘው። ሲመለሱ ሽበታቸው ውስጥ ጭድ ነበር። አክስቴ አይታ እኔን ገላመጠችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ በሙሉ አውድማችን ላይ ተሰበሰበ። ጎሹ በዚያ፣ ስንሻው በዚህ ቆሙ። አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጎሹ፣ በዚህ ሰው ላይ ቂም አለህ?"

"የለኝም።"

"ስንሻው፣ የዚህን ሰው ዘመድ ደም አፍስሰሃል?"

"ጠብታ አላፈሰስኩም።"

"ጎሹ፣ ታምነዋለህ?"

ጎሹ ስንሻውን አየው። "ከእናቴ ልጅ አብልጬ አምነዋለሁ" አለና ትልቅ ሰውዬ ጉንጩ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ያ ልቅሶ ጨዋታ አልነበረም። ሴቶቹ ሁሉ አብረው አለቀሱ። አባ ክንፉ መስቀላቸውን አንሥተው "እንግዲህ ዳግመኛ እጅ ለእጅ..." ሲሉ አያቴ ቀልጠፍ ብለው "በቂም፣ አባቴ፤ በቂም ይበሏቸው" አሉ። "በቂም እጅ ለእጅ ብትያያዙ ገዝቻችኋለሁ" አሉ አባ ክንፉ። ሁለቱም መስቀሉን ተሳለሙ። ተቃቀፉ። እልልታው ቀለጠ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከኋላ "ታዲያ የፊታችን አርብ ምን ልናይ ነው?" አለ። የሁሉም ፊት ጨፈገገ። አያቴ ይህን ሲጠብቁ ነበር። "የታረቀ ወንድማማች በጨዋታ ቢታገል ማን ከለከለ? እስቲ አሁን ተያያዙ!" አሉ።

ተያያዙ፤ ግን ምን ዋጋ አለው! የታረቀ ሰው ትግል አልጫ ወጥ ነው። ጎሹ አይኑን ማጉረጥረጥ አፈረ፤ ስንሻው ሲወድቅ "ይቅርታ ወንድሜ" ይላል። ሰው ማዛጋት ጀመረ። አንዷ "በጉ በስሎ ይሆን?" አለች። ስንሻው ወደ እኔ ሲያይ አይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። እርቁ ተሳክቶ እንጀራቸው ሊቀር ነው አልኩ።

ያን ጊዜ አያቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን ለአክስቴ ሰጡና "ጎሹ! በጠለፋ አትያዘው! በእኔ አውድማ ግፍ!" እያሉ መካከላቸው ገቡ። ጎሹ ግራ ተጋብቶ እጁን ዘረጋ፤ ማርያምን፣ ጣቱ አልነካቸውም። አያቴ ግን እንደ ተገፋ ሰው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ተንገዳገዱ፣ ጭራቸውን አየር ላይ ለቀቁ፣ በጀርባቸው ጭዱ ላይ ጧ!

አገር ትንፋሹን ዋጠ። ግራዝማች ወደቁ! ጎሹ አመድ መስሎ "አልነካኋቸውም! በእናንተ ሞት አልነካኋቸውም!" ይላል። አክስቴ እሪታዋን አቀለጠችው። ወንዶቹ ዱላቸውን አነሡ። እኔ ግን ቅርብ ነበርኩ፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ፣ መዳፋቸው ጭዱ ላይ ነበር። አንድ አይናቸውን ገለጡና ጠቀሱኝ።

ዱላው ሳይወርድ ዘለው ተነሡ። "ተዉት! ማንም እንዳይነካብኝ!" አሉ ጣታቸውን ጎሹ ላይ ቀስረው። "የእኔና የአንተ ነገር አርብ፣ በገበያው መካከል ይለይለታል! ስንሻው፣ አንተ ከእኔ ጋር ነህ!"

ጎሹ አፉን ከፍቶ ቆየ። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባው፤ ደረቱ ሲሞላ አየሁት። አይኑን አጉረጠረጠና "አርብ! እርስዎም ይምጡ፣ በቅሎዎም ትምጣ!" ብሎ ፎከረ። አውድማው ተቀጣጠለ። አባ ክንፉ አያቴን ጠጋ ብለው "ግራዝማች፣ ቂም ይዘዋል እንዴ?" ሲሏቸው "የለብኝም አባቴ፤ ይፍቱኝ፣ ጨዋታ ነው" ሲሏቸው ሰማሁ። አባ ክንፉ መስቀላቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ቤት ስንገባ አክስቴ ዳሌያቸውን በቅቤ እያሸች "በስተርጅና! ምን ያለ ውርደት!" ስትል ቆየችና ውሃ ልታሞቅ ወጣች። አያቴ በሩን አዩና በጣታቸው ጠሩኝ።

"ብርቄ።"

"አቤት አባባ።"

"እውነቱን ንገሪኝ። አወዳደቄ እንዴት ነበር?"

"በጣም ጥሩ ነበር" አልኩ። ግን ስንሻው ያስተማረኝን መደበቅ አልቻልኩም። "እግርዎን ትንሽ ዘግይተው ነው ያነሡት።"

ጭራቸውን አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ አደረጉ።

"ልክ ነሽ" አሉ። "በቅሎዋም ትናንት ቅር ብሏት ነበር። ለአርብ አስተካክለዋለሁ።"